ጎማው አልወርድ ሲል፦ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሠልጣኞች

ለማረፍ እየተዘጋጃችሁ ነው። መንደርደሪያው በግራ በኩል ይታያል። የጎማውን እጀታ ወደ ታች አደረጋችሁ፤ ፓምፑ ሲያጓራ ተሰማ። አንድ አረንጓዴ መብራት በራ። ሁለተኛውም በራ። የሦስተኛው ቦታ ግን ጨለማ ነው።

ልብ ድው ድው ይላል። እጅ ያገኘውን ማብሪያ ሁሉ መነካካት ያምረዋል። ቆይ! ሞተር ሲቃጠል የሚቆጠረው ሰከንድ ነው። ጎማ አልወርድ ሲል ግን ነዳጅ እስካለ ድረስ ጊዜ አላችሁ። ትንሽ አውሮፕላን በሆዱ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ብረቱ ነው፤ ሰዎቹ በር ከፍተው በእግራቸው ይወጣሉ። ነገሩ የሚከፋው አብራሪው ጎማውን አስተካክላለሁ ሲል አውሮፕላኑን ሲረሳ፣ ወይም ሞተሩን አድናለሁ ብሎ ሲሳሳት ነው።

ቁጥሮቹን የማመጣው ከፓይፐር ሴሚኖል ነው፤ በየበረራ ትምህርት ቤቱ የሚገኝ አውሮፕላን ስለሆነ። የምታበሩት ሌላ ከሆነ፣ ወይም የአውሮፕላናችሁ የአበራር መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለ፣ መጽሐፉን ስሙ፤ እኔን ተዉኝ። "ጎማ" ስል ደግሞ እግሩንም ጎማውንም አንድ ላይ ማለቴ ነው።

ከመብረር በፊት፦ ጎማችሁን ምን እንደሚያወርደው እወቁ

ይሄ ክፍል አሰልቺ ይመስላል፤ አትዝለሉት። በሴሚኖል ላይ ጎማውን የሚያነሳውም የሚያወርደውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው። ጎማው ላይ ሲሆን የሚይዘው መንጠቆ የለም። የተሸከመው የዘይቱ ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱ ከጠፋ ጎማው በራሱ ክብደት ይወድቃል። ወርዶ ሲዘረጋ ደግሞ በሜካኒካል መቆለፊያ ይቆለፋል።

ይህን ከተረዳችሁ ግማሹ ፍርሃት ይለቃል። ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም ጎማውን ማውረድ ይቻላል፤ የሚጠፋው መብራቱ ነው። ዘይት ቢፈስም ጎማው ይወርዳል። የአደጋ ጊዜ ማውረጃው ጉጠትም (በእጅ የሚሳበው መያዣ) ተአምር አይሠራም፤ ግፊቱን ይለቃል፣ ሌላውን የመሬት ስበት ይጨርሰዋል።

በጉዞ ላይ እያላችሁ ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ብድግ እያለ የሚያጓራ ከሆነ ጆሮ ስጡት። የሆነ ቦታ ግፊት እየቀነሰ ነው፤ ምናልባት ዘይት እያንጠባጠበ። ጎማው ከማስቸገሩ በፊት የተነገራችሁ ወሬ ነው።

ሁሉም አውሮፕላን ግን እንዲህ አይደለም። በቢችክራፍት ባሮን ላይ ሥራው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። እሱ እምቢ ካለ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ያለውን ማዞሪያ ወደ 50 ጊዜ ያህል በእጅ ማዞር ይጠበቅባችኋል። ወደ ኋላ ተጠምዝዞ 50 ዙር መቁጠር ስፖርት ነው። በድሮዎቹ ፓይፐር አፓቺና አዝቴክ ላይ ደግሞ የሃይድሮሊክ ፓምፑ ያለው በግራው ሞተር ላይ ነው። ግራው ሞተር ከቆመ ጎማውን የምታወርዱት በእጅ ፓምፕ ነው፤ ያውም በአንድ ሞተር እየበረራችሁ። ስለዚህ አዲስ አውሮፕላን ላይ ስትወጡ የመጀመሪያው ጥያቄ "ፓምፑ የት ነው?" ይሁን።

1. አብርሩ

መብራቱ ካልበራ ወደ መሬት እየወረዳችሁ ምርምር አትጀምሩ። ኃይል ጨምሩ፣ ከፍታ ያዙ፣ ለታወር (ለመቆጣጠሪያ ማማው) ንገሩና ከማረፊያው ዙሪያ ውጡ። "የጎማ ምልክት ችግር አለብን፣ ከፍ ብለን እናጣራለን" ማለት ይበቃል።

ከዚያ ሥራ ተከፋፈሉ። አሠልጣኝና ተማሪ አብረው ሲሆኑ ሁለቱም አንገታቸውን አቀርቅረው አንዲት አምፖል ላይ ማፍጠጥ በጣም ቀላል ነው። አንዱ "እኔ እያበረርኩ ነው" ይበል፤ ሌላው "እርስዎ ያብርሩ፣ እኔ ቼክሊስቱን ላንብብ" ይበል። ጮክ ተብሎ ይባል። በልብ የሚታወቅ ነገር ኮክፒት ውስጥ አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 29 ቀን 1972 የኢስተርን አየር መንገድ በረራ ቁጥር 401 ማያሚ አቅራቢያ ረግረግ ውስጥ ገባ። የአፍንጫ ጎማው መብራት አልበራም ነበር። ሠራተኞቹ በመብራቱ ተጠምደው ሳለ አውቶፓይለቱ ከፍታ መጠበቁን እንደተወ፣ አውሮፕላኑም ቀስ እያለ እየወረደ እንደሆነ ማንም አላየም። 101 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ጤነኛ ነበር፤ የተቃጠለው አምፖሉ ነው።

2. ቀላሉን መጀመሪያ

ብዙ ጊዜ ችግሩ ጎማው ላይ ሳይሆን ጎማውን የሚያሳየው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ከትንሹ ጀምሩ።

ቀን ከሆነ የናቪጌሽን መብራቱን ማብሪያ እዩ። በብዙ የፓይፐር አውሮፕላኖች ላይ ይህ ማብሪያ ሲበራ የጎማው አረንጓዴ መብራቶች ለሌሊት እንዲመቹ ይደበዝዛሉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታ የደበዘዘ መብራትና የጠፋ መብራት አይለዩም። ስንት ተማሪ በዚህች ማብሪያ እንደደነገጠ! አጥፏትና እንደገና ተመልከቱ።

ቀጥሎ አምፖሉ። በቆዩት ሞዴሎች ላይ የሦስቱ መብራቶች አምፖሎች ይለዋወጣሉ። ከሚበራው አንዱን ነቅላችሁ የጨለመው ቦታ ላይ አድርጉት። እዚያም ከበራ የተቃጠለው አምፖል ነበር፣ ጎማው ደህና ነው። አምፖሏ ከጣት አምልጣ ወንበር ስር እንዳትገባ ብቻ፤ እሷን ፍለጋ የሚጎነበሰው ደግሞ የሚያበረው ሰው አይሁን።

ቀይ መብራቱንም አንብቡ። ሁለት አረንጓዴ በርቶ "ጎማው አልተቆለፈም" የሚለው ቀይ ከጠፋ፣ ነገሩ ወደ አምፖል ያደላል። ሁለት አረንጓዴ በርቶ ቀዩም ከበራ፣ አንዱ እግር የእውነት መንገድ ላይ ቀርቷል ብላችሁ አስቡ።

ከዚያ ብሬከሮች፤ ኤሌክትሪክ ሲበዛ ብቅ ብለው መስመሩን የሚቆርጡት ቁልፎች። የጎማው ፓምፕ የራሱ ብሬከር አለው፤ የመቆጣጠሪያው ደግሞ የራሱ። በጣት እየዳሰሳችሁ ፈልጉ፤ በዓይን ብቻ አትመኑ። ብቅ ያለ ካለ ትንሽ እንዲቀዘቅዝ ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ ብቻ መልሱት። ደግሞ ከዘለለ ተዉት፤ የሆነ ነገር እየጋለ ነው፣ እሳት አትጥሩ። የባትሪውና የሁለቱም አልተርኔተሮች (የኤሌክትሪክ አመንጪዎቹ) ማብሪያዎች እንደበሩም እዩ።

ብሬከር እንደ ተራ ነገር አይታይ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1 ቀን 2011 የፖላንዱ ሎት አየር መንገድ ቦይንግ 767 ዋርሶ ላይ በሆዱ አረፈ። ሃይድሮሊኩ ፈሶ ነበር። ተለዋጩ ማውረጃ ሊሠራ ይገባ ነበር፤ እንዳይሠራ ያደረገው ብቅ ብሎ የቀረ አንድ ብሬከር ነው። ካፒቴን ታዴዎሽ ቭሮና ግን አውሮፕላኑን እንደ ትራስ አስቀመጠው፤ የተሳፈሩት 231 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ።

ሴሚኖል ላይ በግራው ሞተር ሽፋን ላይ ያለችውን ክብ መስታወትም አትርሱ። የአፍንጫው ጎማ በእሷ ይታያል። የክንፍ ስር ጎማዎች ግን ከወንበራችሁ አይታዩም። ታወሩን ዝቅ ብላችሁ አልፋችሁ እንዲያዩላችሁ መጠየቅ ይቻላል። "ሦስቱም ወርደዋል" ቢሏችሁ ደስ ይላል፤ ግን መውረዱን እንጂ መቆለፉን ከመሬት ማንም አያይም።

3. የአደጋ ጊዜ ማውረጃው

ቼክሊስቱን አውጡ። በቃል ብታውቁትም አውጡት። የሴሚኖሉ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ፍጥነት ከ100 ኖት በታች፤ የጎማው እጀታ ወደ ታች፤ የአደጋ ጊዜ ጉጠቱን ሳቡ፤ ሦስት አረንጓዴ ጠብቁ። ጉጠቱን እንደተሳበ ተዉት።

ፍጥነቱ ለምን? በተለመደው መንገድ ጎማው እስከ 140 ኖት ድረስ ይወርዳል፤ ፓምፑ ስለሚገፋው። አሁን ግን የሚጎትተው ክብደቱ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ከበዛ መጨረሻዋ ላይ፣ መቆለፊያዋ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ብዙ ሰው 110 ላይ ጉጠቱን ይስብና "አልሠራም" ይላል። ቀንሱና ታገሱት።

የክንፍ ስር ጎማ አልቆልፍ ካለ በመሪ ፔዳሉ አውሮፕላኑን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙት። የጎን ነፋሱ እግሩን ገፍቶ ያስቆልፈዋል። እዚህ ላይ የባለ ሁለት ሞተር ጉዳይ አለ። የሴሚኖል ሰማያዊ መስመር፣ ማለትም በአንድ ሞተር ከሁሉ በተሻለ የሚወጣበት ፍጥነት፣ 88 ኖት ነው። ዝቅ ብላችሁ፣ በዝግታ፣ ፔዳል እየረገጣችሁ አንድ ሞተር ቢያጉረመርም የማትወዱት ቦታ ላይ ትገኛላችሁ። እኔ የምመክረው ከ88 በላይ፣ ከ100 በታች ሆናችሁ፣ በቂ ከፍታ ይዛችሁ እንድታወዛውዙት ነው። ጠባብ መስኮት ናት፣ ግን ትበቃለች።

አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት ወስዶ ሳብ በማድረግ ጎማውን በክብደት መወርወርም የታወቀ ዘዴ ነው። ይሠራል ይላሉ። በእርጅና የደከመ ማሰልጠኛ አውሮፕላን ላይ ግን ለስለስ ካለ መሳብ አልፌ አልሄድም። አንድ የጎማ ችግር ይዤ ሁለተኛ፣ የክንፍ ችግር አልፈልግም።

ሦስት አረንጓዴ ካገኛችሁ በቃ! "እስቲ ደግሞ በተለመደው ይሠራ እንደሆነ ልሞክር" ብሎ ጎማውን መልሶ ማንሳት የለም። ጎማውን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ማድረግንም አልወድም፤ በተለይ ኃይለኛ ማረፍ ወይም "ጓ" የሚል ድምፅ ከቀደመው። የታጠፈ ነገር ካለ ይባስ ይቀረቀራል።

አንድ ሞተር የእውነት ቆሞ ጎማውንም በጉጠቱ የምታወርዱ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። በጉጠት የወረደ ጎማ አይነሳም። ጎማው ወርዶ በአንድ ሞተር መውጣት ደግሞ ለሴሚኖል ምኞት ነው፤ ዞሮ መመለስ የለም። ስለዚህ መንደርደሪያው በእርግጥ እጃችሁ ሲገባ ሳቡት፤ ሲዘገይ ግን ለመቆለፍ ጊዜ ያጣል። በትርፍ ከፍታ፣ መንደርደሪያው አጠገብ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ። እንደ ሌላው ጊዜ በመጨረሻው ሰከንድ አይደለም።

4. ሰዓት ቁረጡ

የነዳጅ መለኪያውን አይታችሁ የምታርፉበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። "10፡40 ላይ፣ ተስተካከለም አልተስተካከለም፣ እናርፋለን።" እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 28 ቀን 1978 የዩናይትድ በረራ ቁጥር 173 ፖርትላንድ ላይ ስለ ጎማው እየተጨነቀ ሲዞር ነዳጁ አለቀበት፤ ከከተማው ዳር ወደቀና 10 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ የኮክፒት የቡድን ሥራ ትምህርት ሁሉም ቦታ የሚሰጠው በአብዛኛው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ጎማው ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ነዳጁ ግን ይቆጥራል።

5. ለሰው ንገሩ

ማፈር የለም። "ፓን ፓን" ወይም "ሜይዴይ" በሉ፤ ትራንስፖንደሩ (ለራዳር ምልክት የሚሰጠው መሣሪያ) ላይ የአደጋውን ኮድ 7700 አድርጉ። ስንት ሰው እንዳላችሁ፣ የስንት ደቂቃ ነዳጅ እንደቀረ፣ የትኛው ጎማ እንደማይታይ። እሳት አደጋ መኪና ያለበት፣ ረጅምና ሰፊ አስፋልት ያለው ሜዳ ምረጡ፤ የተነሳችሁበት መሆን የለበትም። ሣር ይለሰልሳል ብላችሁ አትታለሉ። አስፋልት ያንሸራትታል፤ ሣርና አፈር የታችኛውን ብረት ይዞ ሊገለብጥ ይችላል።

የጥገና ሰው በሬዲዮ ካገኛችሁም ጠይቁ። ግን አስር ሰው አስር ምክር ሲሰጥ መጨረሻው ትርምስ ነው። ቼክሊስቱና አንድ ሰው ይበቃሉ።

6. በምን ዓይነት ታርፋላችሁ?

የአፍንጫው ጎማ ብቻ እምቢ ካለ በሁለቱ ዋና ጎማዎች እረፉ፤ አፍንጫውን እስከሚቻለው ድረስ ወደ ላይ ያዙት፣ ከዚያ መውደቁ ካልቀረ ሳይዘገይ በቀስታ አስቀምጡት። ፍሬን አትንኩ።

አንዱ የክንፍ ስር ጎማ ብቻ ከቀረ ከባዱ ይሄ ነው። ሌሎቹን ማንሳት የሚቻል ከሆነ አንስቶ በሆድ ማረፍ ይሻላል፤ ሚዛኑ እኩል ነው። ማንሳት ካልተቻለ አውሮፕላኑ ክንፉ ሲወድቅ ጎማ ወደሌለው ጎን እንደሚዞር እወቁ። ስለዚህ የግራው ጎማ ከሌለ በመንደርደሪያው የቀኝ ጠርዝ በኩል እረፉ፤ ለመዞሪያ አስፋልት ይኑራችሁ። መጥፎውን ክንፍ በኤይለሮን (ክንፉን በሚያዘነብለው መሪ) ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ እስኪደክም ድረስ።

ሦስቱም ወርደው መቆለፋቸው ብቻ ካጠራጠረ፣ ሊታጠፍ ነው ብላችሁ ተዘጋጅታችሁ እንደ ወትሮው እረፉ።

7. መንካቱ

ከመውረድ በፊት ቦርሳ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ታብሌት፣ የላላ ነገር ሁሉ ይታሰር። እስክሪብቶ ከኪስ ይውጣ። ቀበቶ ጠበቅ። ሴሚኖል አንድ መግቢያ በር ብቻ ነው ያለው፣ በቀኝ በኩል። በግራ ያለው የአደጋ ጊዜ መስኮት ነው። ማን ቀድሞ እንደሚወጣና በየት እንደሚወጣ አሁን ተነጋገሩ፤ ኋላ አቧራና ጩኸት አለ።

አሁን ትልቁ ፈተና። "ፕሮፔለሩ ከሚታጠፍ ሞተሮቹን አጥፍቼ ላንሸራትት" የሚል ሐሳብ ይመጣል። አንዳንዱ ጭራሽ ፕሮፔለሩን አግድም ለማቆም በስታርተር (በሞተር ማስነሻው) ይታገላል። ይህን አታድርጉ። በሆድ ማረፍ የተዘጋጀ ሥራ ነው፤ ሞተር አጥፍቶ ማረፍ ግን ሁለተኛ አደጋ መጨመር ነው። ነፋስ ቢጥላችሁ፣ ብትረዝሙ፣ ብታጥሩ ማስተካከያው በእጃችሁ የለም። ሞተርና ፕሮፔለር ይገዛል።

ስለዚህ እንደ ወትሮው በሞተር ኃይል ኑ። ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው) መጽሐፉ እንደሚለው፤ በአንዳንዱ አውሮፕላን የሚመከረው ሳይዘረጋ ማረፍ ነው። መንደርደሪያው ላይ ሆናችሁ፣ መድረሳችሁ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ስሮትል (የኃይል መስጫውን) ዝጉ፣ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ቁረጡ፤ ከዚያ ነዳጅ፣ ማግኔቶ (የሞተሩ እሳት ሰጪ)፣ ማስተር (ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ይዘጉ። እጅ ካጠረ የአውሮፕላኑ ቁጥጥር ይቅደም፤ የቀረውን ስትቆሙ ትዘጋላችሁ። ዝግ ብላችሁ፣ ክንፉን አስተካክላችሁ ንኩ። ከከፍታ አትጣሉት፤ ጀርባ የሚሰበረው በዚያ ነው።

ሆዱ አስፋልት ሲነካ ድምፁ ያስጠላል። ቆርቆሮ በድንጋይ እንደመጎተት ነው። በዚያ ድምፅ ደንግጦ ስሮትል መግፋት አለ። አንዴ ፕሮፔለር ወይም ሞተር መሬት ከነካ በረራው አልቋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 22 ቀን 2020 ካራቺ ላይ የፓኪስታን አየር መንገድ በረራ 8303 ጎማው ሳይወርድ በሞተሮቹ አስፋልቱን ፈትጎ ተመልሶ ተነሳ። ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ፤ ከ99ኙ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች የተረፉት ሁለት ናቸው። ስለዚህ ተቀመጡ፣ በፔዳል አቅኑ፣ እስኪቆም ጠብቁ። ከዚያ ውጡ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ራቁ። ለስልክ አትመለሱ።

8. ከቆማችሁ በኋላ

ሦስት አረንጓዴ አግኝታችሁ በሰላም ያረፋችሁም ብትሆኑ ወደ ማቆሚያው አትንዱት። መንደርደሪያው ላይ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ቴክኒሻኑ መጥቶ እግሮቹን ያጽና። የጎማውን እጀታ ማንም አይንካ። ከዚያ በጥገና መዝገቡ ላይ እንደሆነው ጻፉት። "ብሬከር መለስኩ፣ ሠራ" ተብሎ በቃል ታልፎ ለሚቀጥለው ተማሪ የተላለፈ አውሮፕላን አይቻለሁ። ያ ተማሪ ምን ዕዳ አለበት?

ስለ ጩኸቱም ላንሳ

ጎማ ሳይወርድ የሚያርፉ ብዙዎች ጎማቸው ጤነኛ ነው፤ የረሱት ነው። ባለ ሁለት ሞተር ሥልጠና ደግሞ ለመርሳት ይመቻል። በሴሚኖል ላይ ጎማ ሳይወርድ አንድ ስሮትል ወደ ታች ሲሳብ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። አሠልጣኙ "አንድ ሞተር ቆመ" ብሎ ስሮትል ሲስብ ይጮሃል። ሲደግም ይጮሃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጮህ የዋለ ነገር ጆሮ ላይ አይገባም፤ የእውነት ሲጮህም ከጀርባ እንደሚሰማ ሬዲዮ ይታለፋል።

መድኃኒቱ ጣት ነው። ለማረፍ በቀጥታ መስመር ስትገቡ እጃችሁን እጀታው ላይ አድርጉ፣ ሦስቱን አረንጓዴ አንድ በአንድ እየጠቆማችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሠልጣኙ አጠገባችሁ ቢኖርም ባይኖርም። ከመነሳታችሁ በፊትም ተንበርክካችሁ እግሮቹን እዩ። የሃይድሮሊክ ዘይቱ ቀይ ነው። እግሩ ላይ ወይም መሬቱ ላይ ቀይ ጠብታ ካያችሁ የዛሬው በረራ ቴክኒሻኑን እስክታናግሩ ይቆይ።